ፕሪፈር ላይ «ቱ» ነው «ዛን»? ታናሽ እህቴ ቤቱን አናወጠችው

ጠባሴ ሰፈር | ደብረ ብርሃን

ሰላም የአገሬ ልጆች። ታናሽ እህቴ 11ኛ ክፍል ናት። ትናንት የእንግሊዝኛ መልመጃ ይዛ መጣች። ጥያቄው ምርጫ ነው፣ ክፍት ቦታውን ሙሉ ይላል። «አይ ፕሪፈር ቲ … ኮፊ»። የተሰጡት «ዛን»፣ «ፍሮም»፣ «ቱ» እና «ዊዝ» ናቸው። እሷ «ዛን»ን አከበበች። መምህሯ በቀይ ሰርዞ «ቱ» ላይ ምልክት አደረገ። ለምን እንደሆነ ግን አልነገራትም። የክፍሉን ተማሪ ብዛት ሳስበው አልፈርድበትም።

አሁን ቤት ውስጥ ጭቅጭቅ ሆኗል። እሷ «ከቡና ሻይ ይሻለኛል ማለት አይደል? ከ ማለት ደግሞ ዛን ነው። ቱ ከየት መጣ?» ትላለች። እኔ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ነው ያለኝ፤ ደብተርና እስክሪብቶ እንጂ ሰዋስው አልሸጥም። እናታችን ደግሞ «ሁለቱንም ጠጡና ዝም በሉ» ብላለች።

መልሱን ብቻ አይደለም የምፈልገው። መልሱማ ወረቀቱ ላይ አለ። ቃሉ አፏ ላይ እንዲገባ ነው። እናታችንም ስለምታነብ እንግሊዝኛውን በፊደላችን ጻፉልኝ።

ብርድ ልብስ | ደብረ ብርሃን

«ቱ» ነው። አለቀ።

ቆሎ በሊታ | ደብረ ሲና

ኧረ ቆይ! እኔ ፊልም ላይ «ፕሪፈር ዚስ ኦቨር ዛት» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እሱስ?

ብርድ ልብስ | ደብረ ብርሃን

ፊልም ፈተና አያርምም።

ቆሎ በሊታ | ደብረ ሲና

ፈተናም ሰው አያነጋግርም።

መምህር ከሞላሌ | መንዝ

ልጆቼ፣ አትጣሉ። «ኦቨር» ስህተት አይደለም። በተለይ አሜሪካኖች ይሉታል። የትምህርት ቤት መጽሐፍና ፈተና የሚጠብቁት ግን «ቱ»ን ነው። «ዛን» ብቻዋን እዚያ ቦታ ላይ አትገባም። «ራዘር» ይዟት ሲመጣ ነው የምትገባው፣ እሱን በኋላ እናያለን።

ወደ ልጅቷ ልምጣ። የጠየቀችው ጥያቄ ትልቅ ጥያቄ ነው። ጡረታ እስክወጣ እንግሊዝኛ ሳስተምር እዚህች ላይ ያልተሰናከለ ተማሪ አላየሁም ማለት እችላለሁ። ስንፍና አይደለም፣ አማርኛችን ነው። እኛ ለማነጻጸር የምንጠቀምባት «ከ» ናት። በግ ከፍየል ይወፍራል። መንዝ ከሸዋ ሮቢት ይበርዳል። እዚህ ላይ እንግሊዝኛው «ዛን» ነው፤ ምክንያቱም ቅጽሉ ወይ «ኧር» ይጨምራል፣ ወይ «ሞር» ይቀድመዋል። ፋተር ዛን፣ ኮልደር ዛን፣ ሞር ኤክስፔንሲቭ ዛን። ተማሪው ይህን በደንብ ያጠናል። ከዚያ «ፕሪፈር» ሲመጣ መጨረሻው «ፈር» ይላልና እሱም ከእነዚያ አንዱ ይመስለዋል። አይደለም። «ፕሪፈር» ግስ ነው። ያ «ኧር» የቃሉ የራሱ ሥር ነው እንጂ የማነጻጸሪያ ጭማሪ አይደለም።

ቃሉ ከላቲን የመጣ ነው። «ፕሬ» ፊት ማለት ነው፤ «ፌሬ» መሸከም። አንዱን ነገር ከሌላው ፊት አድርጎ መያዝ። በእኛ «ማስቀደም» ቢባል በጣም ይቀርባል። ከላቲን የመጡ፣ አንዱን ከአንዱ የሚያበላልጡ ሌሎች ቃላትም አሉ፦ ሲኒየር፣ ጁኒየር፣ ሱፒሪየር፣ ኢንፊሪየር። እነዚህም ሁሉ «ቱ» ነው የሚፈልጉት። «ሺ ኢዝ ሲኒየር ቱ ሚ» ይባላል፣ «ዛን ሚ» አይባልም። እንደ ቤተ ዘመድ አንድ ላይ አድርጋ ትያዛቸው።

ቅደም ተከተሉንም አትርሳ። ከ«ቱ» በፊት ያለው የወደድሽው ነው፣ ከ«ቱ» በኋላ ያለው የተውሽው። አማርኛው ብዙ ጊዜ የተተወውን አስቀድሞ ይጠራል፤ «ከቡና ሻይ ይሻለኛል»። ስለዚህ ቃል በቃል የገለበጠች ልጅ «ኮፊ ቱ ቲ» ብላ የማትፈልገውን ታዝዛለች።

ሥራን ከሥራ ስታበላልጥም መንገዱ ይኸው ነው፤ ግሱ ላይ «ኢንግ» ይጨመራል። «አይ ፕሪፈር ዎኪንግ ቱ ራይዲንግ»፣ በእግር መሄድ ከመጋለብ ይሻለኛል። እዚያም እዚህም «ኢንግ»።

ጠባሴ ሰፈር | ደብረ ብርሃን

መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። እህቴ ሲኒየርና ጁኒየር የሚለውን ስታነብ «እሺ አሁን ገባኝ» አለች። «ፈር» ማነጻጸሪያ መስሏት እንደነበረም አመነች። እናታችን «እኔስ ለየትኛው ነው ሲኒየር» ብላ ጠይቃለች፣ «ቱ ኦል ኦፍ አስ» ተብሏል።

የጭላዳ ጎረቤት | አንኮበር

እኔ ደግሞ ከአፍ በኩል ልግባ። አስጎብኚ ነኝ። እንደምታውቁት አንኮበር ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ፈረንጆቹ ጭላዳ ሊያዩ ይመጣሉ፣ የቤተ መንግሥቱን ፍራሽ ሊያዩ ይመጣሉ። ከሁሉ ቀድመው ግን የወፍ ሰዎች ይመጣሉ። አንኮበር ሴሪን የምትባል፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ የምትገኝ ትንሽ ወፍ አለች። ገደል አፋፍ ላይ ነው የምትውለው። ሰው ለእሷ ብሎ ባሕር ይሻገራል። እንግዲህ «ፕሪፈር» ለእኔ የእንጀራ ቃል ነው። ቀኑን ሙሉ የምጠይቀው እሱን ነው፦ በእግር ወይስ በመኪና፣ ዛሬ ወይስ ነገ፣ የጾም ወይስ የፍስክ።

መምህር ያላነሱትን አንድ ነገር ልጨምር። «ዱ ዩ ፕሪፈር ቲ ኦር ኮፊ?» እና «ዉድ ዩ ፕሪፈር ቲ ኦር ኮፊ?» አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ጠባይህን ይጠይቃል፤ በጠቅላላው የሻይ ሰው ነህ የቡና ሰው? ሁለተኛው ስለ አሁኑ ነው፤ ምን ላምጣልህ? አስተናጋጅ የመጀመሪያውን ጠይቆ ዝም ብሎ ቢሄድ እንግዳው ለጥናት የተጠየቀ ይመስለዋል። መልሱም እንደዚያው ነው። «አይ ፕሪፈር ቲ» ስለ ራስህ ወሬ ነው። «አይድ ፕሪፈር ቲ፣ ፕሊዝ» ትእዛዝ ነው፣ ጨዋ ትእዛዝ።

ከ«ዉድ ፕሪፈር» በኋላ ግስ ሲመጣ «ቱ» ከፊቱ ይቆማል። «አይድ ፕሪፈር ቱ ዎክ»። አሁን «ከመንዳት ይልቅ» ማለት ብትፈልጊስ? ሌላ «ቱ» ብትጨምሪ «ቱ ዎክ ቱ ድራይቭ» ይሆናል፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ አይታወቅም። እዚህ ላይ ነው መምህር «በኋላ» ያሉት የሚመጣው፦ «አይድ ፕሪፈር ቱ ዎክ ራዘር ዛን ድራይቭ»። «ዛን» በ«ራዘር» ተይዛ ገባች።

አንድ አደጋ አለ፣ እሱን ካነሳሁ አይቀር። አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ለእንግዶች «ጠዋት ብትወጡ ይሻላል» ማለት ፈልጎ «ዩ ሃድ ቤተር ሊቭ ኢን ዘ ሞርኒንግ» አላቸው። ፊታቸው ተለዋወጠ። «ሃድ ቤተር» ምክር ይመስላል እንጂ ውስጡ «አለበለዚያ ታያላችሁ» አለበት። ፖሊስ ለሌባ፣ እናት ለልጅ የምትለው ዓይነት ነው። ልጁ ምስኪን ከሰዓት ጉም ይወጣል ለማለት ነበር። «ኢት ዉድ ቢ ቤተር ቱ ሊቭ ኢን ዘ ሞርኒንግ» ብትል ሰላም ነው። የእኛ «ይሻላል» በጣም ለስላሳ ናት። የእነሱ «ሃድ ቤተር» ለስላሳ አይደለም።

ብርድ ልብስ | ደብረ ብርሃን

«ዩ ሃድ ቤተር ፔይ ሚ» ለተከራዬ እልክለታለሁ። አመሰግናለሁ።

እናት ጓዳ | እነዋሪ

እኔ እንግሊዝኛውን ብዙም አላውቅ። ግን አንድ ነገር ገረመኝ። ልጆቻችን ይህን ቃል የማይለምዱት ቃሉ ከብዷቸው ብቻ ነው ትላላችሁ? እኛ አገር እንግዳ ቤት ሄዶ «ምን ይምጣልሽ» ሲባል ማን ይመርጣል? «ኧረ ምንም፣ አሁን በልቼ ነው የወጣሁት» ነው መልሱ። ከዚያ «በሞቴ» ይባላል፣ ከዚያ ይበላል። የፈለገችውን በስሟ የምትጠራ ልጅ «አፏን የፈታችው የት ነው» ትባላለች። እኔም ልጆቼን ያሳደግሁት «የሰጧችሁን ብሉ» እያልሁ ነው። ታዲያ «ፕሪፈር» ከየት ይምጣ?

ቆሎ በሊታ | ደብረ ሲና

እትዬ፣ ይሄ ከተጻፈው ሁሉ እውነት ነው።

የጭላዳ ጎረቤት | አንኮበር

እትዬ፣ ልክ ነዎት። ፈረንጅ ቤት ግን «ምንም አልፈልግ» ካልሽ «እሺ» ብሎ ይቀመጣል። በሞቴ የለም። ሁለተኛ አይጠይቅም። ጨዋነት እንዳይቀር፣ ሆድም እንዳይቀር የሚሆን መውጫ አላቸው። ሁለት ነገር ቀርቦ የቱም ቢሆን ግድ የማይሰጥሽ ከሆነ «አይዘር ኢዝ ፋይን» በይ። ከሁለት በላይ ከሆነ «ኤኒ ኦፍ ዜም»። ወይም «አይ ዶንት ማይንድ»። የእኛን «ያለው ይበቃል» የሚተካው እሱ ነው። ግን አታብዙት። ሦስቴ «አይ ዶንት ማይንድ» ያለ እንግዳ ባለቤቱን ያደክማል። ለምርጫ የሚጠይቁት መልስ ፈልገው ነው። «አይድ ፕሪፈር ቲ» ማለት እነሱ ዘንድ ስግብግብነት አይደለም፣ ሥራ ማቅለል ነው።

ብርድ ልብስ | ደብረ ብርሃን

የሸዋ ሰው ለንደን ሄዶ በጨዋነት በረሃብ ሞተ።

ማሾ ነጋዴ | ሸዋ ሮቢት

ስለ «ራዘር» ካነሳችሁ አይቀር እኔም ችግሬን ላምጣ። ማሾ የምናስረክበው አንድ ላኪ ድርጅት አለ። በስልኬ መልእክት ላከልኝ። «ዊ ዉድ ራዘር ዩ ዴሊቨርድ ኔክስት ዊክ» ይላል። ሒሳብ የምትይዝልን ልጅ «አስረክባችኋል ነው የሚለው» አለች። መጋዘኑ ግን ሙሉ ነው፣ አንድ ኩንታል አልወጣም! «ዴሊቨርድ» ያለፈ ጊዜ ነው፣ «ኔክስት ዊክ» የሚመጣው ሳምንት ነው። ይሄ ሰው ጤነኛ ነው?

መምህር ከሞላሌ | መንዝ

ጤነኛ ነው፣ አይዞህ። «በሚቀጥለው ሳምንት ብታስረክቡን እንመርጣለን» ነው የሚልህ። መኪናህን አሁን አትላክ።

«ዉድ ራዘር» የ«ዉድ ፕሪፈር» የቅርብ ጓደኛ ነው፤ አፍ ላይ ደግሞ ይበልጥ ይቀላል። ለራስህ ስትናገር ግሱ ባዶውን ይመጣል፣ «ቱ» የለበትም። «አይድ ራዘር ስቴይ»፣ ብቀር ይሻለኛል። ስታነጻጽር «አይድ ራዘር ስቴይ ዛን ጎ»። እዚህ «ዛን» በሕግ ገባች። አሉታው «አይድ ራዘር ኖት» ነው፣ «ባይሆን ይሻለኛል»። ሰው ሲጋብዝህ ሳታስቀይም እምቢ የምትልበት ነው።

ሌላ ሰው እንዲያደርግልህ ስትፈልግ ግን ግሱ ያለፈውን ጊዜ ልብስ ይለብሳል። ጊዜው ግን አላለፈም። «አይድ ራዘር ዩ ኬም ቱሞሮው»፣ ነገ ብትመጣ ይሻለኛል። ተማሪዎች ይህን ስነግራቸው እንግሊዞቹን ይታዘቧቸዋል። እኔ ግን ሁልጊዜ «ምነው ነገ በዘነበ» በሉ እላቸዋለሁ። «ዘነበ» ያለፈ አይደለም? ገበሬው ግን ስለ ነገ ነው የሚያወራው። ምኞት ሲሆን እኛም ግሱን ወደ ኋላ እንመልሰዋለን። ይህን ያየ ተማሪ ዳግመኛ አይታዘብም።

በ«ፕሪፈር» ማለት ብትፈልግ «አይድ ፕሪፈር ኢት ኢፍ ዩ ኬም ቱሞሮው» ይሆናል። ረዘም ያለና ትንሽ የከበረ ነው። ለአለቃ ይሆናል።

ማሾ ነጋዴ | ሸዋ ሮቢት

መምህር፣ ይኑሩልኝ። አንድ አይሱዙ ልጭን ነበር! ለልጅቷም አነበብሁላት፣ «ምነው በዘነበ» ሲሉ ሳቀች። በነገራችን ላይ እዚህ እውነትም በዘነበ።

ሁለተኛ ረድፍ | ዓለም ከተማ

12ኛ ክፍል ነኝ፣ ለፈተና የሚመጡትን ባጭሩ ልበል። «ፕሪፈርድ» ሲጻፍ «አር» ሁለት ጊዜ ነው። «ፕሪፈሪንግ»ም እንደዚያው። «ፕሬፈረንስ» እና «ፕሬፈረብል» ላይ ግን አንድ። ምክንያቱ ድምፁ የሚጠነክርበት ቦታ ነው። ግሱ ላይ ጫናው «ፈር» ላይ ነው፣ ስሙ ላይ ወደ «ፕሬ» ይሸሻል። «ሪፈር»ም እንዲሁ ነው። «ዲፈር» (መለያየት) ግን ጫናው መጀመሪያ ላይ ስለሆነ «ዲፈርድ» በአንድ «አር» ይጻፋል። ይቺ ወጥመድ ናት።

«ሞር ፕሬፈረብል» አይባልም፣ «ሞር» ቃሉ ውስጥ አለችና። «አይ አም ፕሪፈሪንግ»ም አይባልም።

እና ጥያቄ አለኝ። «ቹዝ» እና «ፕሪፈር» ልዩነታቸው ምንድን ነው? በአማርኛ ሁለቱም «መምረጥ» ነው።

መምህር ከሞላሌ | መንዝ

ጎበዝ። ጫናውን ማን አስተማረህ? መጽሐፉ ላይ እንዲህ አይገኝም።

«ፕሪፈር» ልብ ውስጥ ነው ያለው። «ቹዝ» እጅህ የሚሠራው ነው። ሰው አንዱን እየወደደ ሌላውን ሊመርጥ ይችላል። ሻይ ይሻለኛል፣ ግን ቡናው ስለተፈላ ቡና እጠጣለሁ። «አይ ፕሪፈር ቲ፣ በት አይ ቾዝ ኮፊ»። ጤነኛ ዓረፍተ ነገር ነው። የእኛ «መረጠ» በጣም ሰፊ ነው፤ ልብንም እጅንም የምርጫ ጣቢያንም ይይዛል። እንግሊዝኛው በየሥራው ከፋፍሎታል። ድምፅ ሰጥተህ ሰው ስትሾም «ኢሌክት» ነው። ከብዙ ውስጥ በመስፈርት ለይተህ ስታወጣ «ሴሌክት»። ብዙ ሳታስብ ብድግ ስታደርግ «ፒክ»። ቹዝ፣ ቾዝ፣ ቾዝን ደግሞ በቃል ይያዝ፣ አቋራጭ የለውም። «ቾይስ» ስም ነው፤ ግስ አድርጎ «ቾይስድ» የሚል ተማሪ ግን ስንቱን አርሜያለሁ።

ተራ ጠባቂ | ደብረ ብርሃን

እኔ የፈረስ ጋሪ ነው የምነዳው። ልጄ ነው ይህን ያሳየኝ። ሁላችሁም ስለ ሁለት ነገር ታወራላችሁ፣ ሻይና ቡና፣ በእግርና በመኪና። ያለው አንድ ብቻ ከሆነስ? ውሰድ ወይ ተው ሲባል፣ ለእሱ ቃል አላቸው?

የድሮ ጋዜጣ | ደብረ ብርሃን

አላቸው፣ ጋሼ። እንዲያውም ቃሉ ከፈረስ የመጣ ነው፤ ለእርስዎ የሚሆን።

እንግሊዝ አገር ካምብሪጅ ከተማ ቶማስ ሆብሰን የሚባል ሰው ነበር። በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1544 እስከ 1631 የኖረ ነው። ሥራው ዕቃና ደብዳቤ ከካምብሪጅ ለንደን ማመላለስ ነበር። ፈረሶቹ ጋጣ ውስጥ ከሚቆሙ ብሎ ለዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ማከራየት ጀመረ። ተማሪ ደግሞ ያው ተማሪ ነው። ሁሉም የሚፈልገው ፈጣኑን ፈረስ ነው። ፈጣኑ ቀን ከሌት እየተጋለበ ሊሞት ደረሰ፣ ሰነፉ ገለባ እየበላ ይወፍራል። ሆብሰን ሕግ አወጣ። የሚመጣ ደንበኛ ሁሉ ለጋጣው በር ቅርብ የቆመውን ፈረስ ይወስዳል። ሌላ መርጦ መውሰድ የለም። ተከራይቶ የተመለሰ ፈረስ ከኋላ ይቆማል፣ ተራው ሲደርስ ወደ በሩ ይመጣል። ካልፈለግህ በእግርህ ሂድ።

ከዚያ ወዲህ «ሆብሰንስ ቾይስ» ማለት ምርጫ መስሎ ምርጫ ያልሆነ ነገር ማለት ሆነ። ይሄን፣ ወይ ምንም።

የሰውዬው አሟሟትም ይገርማል። ወረርሽኝ ገብቶ ወደ ለንደን እንዳይመላለስ ተከለከለ። ሥራ ፈትቶ በተቀመጠበት ታሞ ሞተ። በኋላ ታላቅ ባለቅኔ የሆነው ጆን ሚልተን ያኔ እዚያው ካምብሪጅ ነበር፤ ስለ ሆብሰን ሞት ቀልድ ያለባቸው ሁለት ግጥሞች ጽፏል። ያ ሁሉ ዓመት በመንገድ ላይ የኖረ ሰው በመቀመጥ ሞተ ነው ነገሩ።

ተራ ጠባቂ | ደብረ ብርሃን

ኧረ ይሄ የእኛ ሕግ ነው! ጋሪ ተራ ላይ ተሳፋሪ ሲመጣ የፊተኛውን ነው የሚይዘው። ከኋላ የቆመውን ፈጠን ያለ ፈረስ አይቶ «ያንን ልያዝ» ቢል ተራ አስከባሪው ይጮኻል። ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ባጃጁም ጋሪውም ይጠፋል፣ ያኔ የቆመውን ነው። ሰውዬው ለፈረሱ አስቦ ነው ያደረገው፣ ወድጄዋለሁ። ፈረስ ያለው ሰው ነው እንዲህ የሚያስበው። ስሙን ልጄ በወረቀት ጽፎልኛል፣ ጋሪው ላይ እለጥፈዋለሁ።

ቆሎ በሊታ | ደብረ ሲና

ታዲያ ይሄ «የቸገረው እርጉዝ ያገባል» አይደለም?

የድሮ ጋዜጣ | ደብረ ብርሃን

ይቀርባል፣ አንድ አይደለም። የቸገረው ሰው ችግሩ ነው የገፋው። ሆብሰን ጋ ማንም አልቸገረውም፤ ባለ ፈረሱ ነው ምርጫውን የዘጋው። «ዳይለማ» ደግሞ ሌላ ነው፤ ሁለት መንገድ አለ፣ ሁለቱም ክፉ። አጣብቂኝ የምንለው። ፈረሱ አንድ ሲሆን ዳይለማ አይባልም።

ቆሎ በሊታ | ደብረ ሲና

ከሁለት ያጣ ጎመንስ?

የድሮ ጋዜጣ | ደብረ ብርሃን

እሱ ምርጫው ካለቀ በኋላ ያለው ነው።

ብርድ ልብስ | ደብረ ብርሃን

ለአንድ «ቱ» ካምብሪጅ ደረስን።

ጠባሴ ሰፈር | ደብረ ብርሃን

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አሁን የቀረው አፏ ነው። መጽሐፉ ላይ ያሉትን ዓረፍተ ነገሮች ደጋግማ ጻፈች፣ ግን ሲነበብ የሰው ነገር ነው። «አይ ፕሪፈር ስዊሚንግ ቱ ስኪንግ» ይላል። በረዶ ላይ መንሸራተት! እዚህ ብርዱ እንጂ በረዶው የት አለና።

መምህር ከሞላሌ | መንዝ

ያንን መጽሐፍ ዝጉት። ልጅቷ የራሷን እውነት ትጻፍ። እውነት ካልሆነ አትጻፈው። ገበያ ስትሄድ፣ ጤፍና ስንዴ፣ ባቄላና ሽምብራ ስታይ በልቧ ትበል፣ የቱን ነው የምወደው? ሽሮ ወይስ ምስር? መንዝ የተሠራ በርኖስ ወይስ ከውጭ የመጣ ጃኬት? ጠዋት ማጥናት ወይስ ማታ? ሐሰት የሆነ ዓረፍተ ነገር ከአፍ አይወጣም፣ ቢወጣም አይቆይም። አምስት ስድስት ትጻፍና እዚህ ለጥፍልን፣ እኔ አርማለሁ። ቀይ እስክሪብቶ ግን የለኝም።

ጠባሴ ሰፈር | ደብረ ብርሃን

እሺ፣ ስልኩን ሰጥቻታለሁ። ከዚህ በታች የምትጽፈው እሷ ናት።

ሰላም መምህር። እነዚህን ጻፍኩ።

አይ ፕሪፈር ሽሮ ቱ ምስር።
አይ ፕሪፈር ስተዲንግ አት ናይት ቱ ስተዲንግ ኢን ዘ ሞርኒንግ።
ማይ ማዘር ፕሪፈርስ ሳይለንስ ቱ ኢንግሊሽ።
አይድ ራዘር ዎክ ቱ ስኩል ዛን ዌይት ፎር ኤ ባጃጅ።
አይ ፕሪፈርድ ሶሻል ሳይንስ፣ በት ማይ ብራዘር ቾዝ ናቹራል ሳይንስ ፎር ሚ።

ቆሎ በሊታ | ደብረ ሲና

ኦሆ።

ብርድ ልብስ | ደብረ ብርሃን

የመጨረሻዋን ጠባሴ አንብቧታል?

የጭላዳ ጎረቤት | አንኮበር

ሦስተኛዋ ምርጥ ናት። አምስተኛዋ ላይ ግን «ፕሪፈር» እና «ቹዝ» መምህር እንዳስረዱት ገብተዋል፤ ልብ አንድ ቦታ፣ እጅ ሌላ ቦታ። እጁ የሌላ ሰው መሆኑ ነው እንጂ።

ጠባሴ ሰፈር | ደብረ ብርሃን

አሁን እኔ ነኝ። ይሄን አላወቅሁም ነበር። ናቹራል የሥራ ዕድሉ ሰፊ ነው ብዬ ነው፤ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው። ክፍል ሲመደቡ «የትኛው ይሻልሻል» ብያት «አንተ እንዳልክ» ብላኛለች። እዚሁ ሰው ፊት መመስከር ነበረባት?

እናት ጓዳ | እነዋሪ

ልጄ፣ «አንተ እንዳልክ» መልስ ነው? «የሰጧችሁን ብሉ» እንዳልሁት ነው ይሄ። ጠይቀሃታል፣ በእሷ ቦታ ሆነህ ግን አልሰማሃትም። አትቆጣት። በአማርኛ ያልቻለችውን በእንግሊዝኛ ተናገረች።

ተራ ጠባቂ | ደብረ ብርሃን

የበሩን ፈረስ ነው የሰጠሃት።

መምህር ከሞላሌ | መንዝ

የቤተሰቡን ነገር ለቤተሰቡ እተዋለሁ። ሰዋስው ላይ ልናገር። አራቱ ንጹሕ ናቸው። ሦስተኛዋ ላይ «ፕሪፈርስ» ብለሽ «ስ»ን ያልረሳሽው አስደስቶኛል፣ ብዙዎች ይረሷታል። አምስተኛዋም ንጹሕ ናት። በእንግሊዝኛ ፊደል ስትጽፊያት «አር»ን ሁለት ጊዜ አድርጊ፣ የዓለም ከተማው ልጅ ነግሮሻል።

ጠባሴ ሰፈር | ደብረ ብርሃን

እሷ ናት፦ መምህር፣ አንድ ተጨማሪ። «አይድ ራዘር ሂ አስክድ ሚ» ልክ ነው? ብጠየቅ ይሻለኝ ነበር ለማለት ነው። ማለቴ ከልቡ ቢጠይቀኝ።

መምህር ከሞላሌ | መንዝ

እንደ ጻፍሽው «ቢጠይቀኝ ይሻለኛል» ማለት ነው፤ ጊዜው ገና አላለፈም። «ጠይቆኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር» ለማለት፣ ነገሩ ካለቀ በኋላ፣ «ሃድ» ይጨመርበታል፦ «አይድ ራዘር ሂ ሃድ አስክድ ሚ»። ሁለቱም ትክክል ናቸው። የቱን እንደምትጽፊ የሚወስነው የክፍል ለውጥ ጊዜው አልፏል ወይስ አላለፈም የሚለው ነው። እሱን ወንድምሽ ነገ ትምህርት ቤቱ ሄዶ ይጠይቅልሽ።